ስለ ማዋለጃ ጉጠት፤ የዶክተር ዲሊ ምክርና የኛ ዘመን መልስ

ብዙዎች የሚጠቅሷቸው፣ ጥቂቶች ብቻ ግን አንብበው የሚመረምሯቸው ጽሑፎች በየትምህርቱ ዘርፍ ይገኛሉ። በወሊድ ሕክምና ከነዚህ አንዱ የቺካጎው ሐኪም ጆሴፍ ዲሊ በ1920 ዓ.ም. ስለ «መከላከያ ፎርሴፕስ» ያወጣው ጽሑፍ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዛሬ ይህ ጽሑፍ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ለነቀፋ ነው፤ እኔም የምነቅፈው ነገር አለኝ። ነገር ግን ነቀፋችን ትክክለኛውን ስፍራ ካልመታ፣ የነቀፍነውን ስሕተት ፊቱን ለውጠን መልሰን እንሠራዋለን። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ለማስረዳት ነው።

መሣሪያውን ለማያውቀው አንባቢ በጥቂቱ ልግለጸው። ፎርሴፕስ፣ በአማርኛችን የማዋለጃ ጉጠት ልንለው የምንችለው፣ ሁለት የብረት ክንዶች ያሉት ነው። የያንዳንዱ ክንድ ጫፍ እንደ ማንኪያ ጐበጥ ያለ ሆኖ፣ በሕፃኑ ራስ ግራና ቀኝ ለየብቻው ይገባል፤ ከገቡ በኋላ ሁለቱ በመካከል ይቈላለፋሉ። ሐኪሙም እናቲቱ ስታምጥ አብሮ ይስባል። አንጥረኛ ጉጠቱን የሚጨብጠው ከእሳት የወጣውን ብረት አጥብቆ ለመያዝ ነው፤ የማዋለጃ ጉጠት ሥራው ግን መጭመቅ ሳይሆን መምራትና መሳብ ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ የተነሣው ክርክር ሁሉ «መቼ፣ በማን እጅና ለማን?» በሚል ጥያቄ ውስጥ ሊጠቃለል ይችላል።

መሣሪያው በመጀመሪያ የአንድ ቤተ ሰብ ምስጢር ነበር። በ1569 ዓ.ም. በሃይማኖት ምክንያት ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ የተሰደደው የቻምበርሌን ቤተ ሰብ ጉጠቱን ከመቶ ዓመት በላይ ከሌላ ሰው ዓይን ሰውሮ ሠራበት። ከዚያ ቤተ ሰብ የሆነው ሂዩ ቻምበርሌን በ1670 ዓ.ም. ምስጢሩን ሊሸጥ ወደ ፓሪስ ሄደ። ታዋቂው የወሊድ ሐኪም ሞሪሶም ይፈትነው ዘንድ ዳሌዋ እጅግ የጠበበ አንዲት ወላድ ሰጠው። ቻምበርሌን ለሦስት ሰዓት ያህል ደከመ፤ ሕፃኑን ሊያወጣ አልቻለም፤ ሴትዮዋም ማሕፀኗ ተቀድዶ ሞተች። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ጉጠት የጠበበ ዳሌ አያሰፋም። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

ምስጢሩ በ18ኛው መቶ ዓመት ከተገለጸ በኋላ፣ እንደ ዊሊያም ስሜሊና እንደ አንድሬ ሌቭሬ ያሉ ሐኪሞች የመሣሪያውን ቅርጽ አሻሻሉት፤ አጠቃቀሙንም በሥርዐት አስተማሩ። ነገር ግን መሣሪያው ሲስፋፋ ጥፋቱም ስለ በዛ፣ በእንግሊዝ አገር ወደ ተቃራኒው አሳብ ያዘነበሉ ሐኪሞች ተነሡ፤ የተሻለው ሐኪም ታግሦ የሚጠብቅ ነው ይሉ ነበር። የዚህ ትዕግሥት ዋጋ በ1817 ዓ.ም. ታየ። የእንግሊዝ ዘውድ ወራሽ አባት ልጅ የነበረችው ልዕልት ቻርሎት 50 ሰዓት ያህል አማጠች፤ ከዚህም 24 ሰዓት ያህሉ የማሕፀኑ አፍ ፈጽሞ ከተከፈተ በኋላ የነበረው ጊዜ ነው። ሐኪሟ ሰር ሪቻርድ ክሮፍት ጉጠት አላነሣም። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ፤ ልዕልቲቱም ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ አረፈች፤ ክሮፍትም በሚቀጥለው ዓመት ራሱን ገደለ። እንግዲህ በአንድ በኩል የፓሪሲቱ ድኻ ሴት፣ በሌላው በኩል የእንግሊዟ ልዕልት ቆመዋል፤ አንደኛዋ መነካት በማይገባት ጊዜ ስለ ተነካች፣ ሁለተኛዋ መረዳት ይገባት በነበረ ጊዜ ስለ ተተወች ሞቱ።

አሁን ወደ ዲሊ እንምጣ። ዲሊ እንዲያው ጨካኝ ሰው እንዳልነበረ አስቀድሞ መናገር ይገባል። በ1895 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ድኻ ሰፈር የእናቶች ክሊኒክ ከፍቶ፣ ከዚያም የወላዶች ሆስፒታል መሥርቶ ዕድሜውን ሁሉ የሠራ ነው። ያን ጊዜ በአሜሪካ የወሊድ ሕክምና ከሌላው ሕክምና ሁሉ የተናቀ ነበር፤ «ልጅ መውለድ የተፈጥሮ ነገር ስለ ሆነ ልዩ ዕውቀት አይጠይቅም» ይባል ነበር። የዲሊ ጽሑፍ መነሻም ይህን ንቀት መቃወም ነው።

ምክሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ምጥ ሲጠናባት ሞርፊንና ስኮፖላሚን ተወግታ ታንቀላፋለች። የሕፃኑ ራስ ወደ መውጫው ሲደርስ በኤተር ትደነዝዛለች፤ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ሥጋ በመቀስ ይከፈታል፤ ሕፃኑም በጉጠት ተስቦ ይወጣል። ከዚያም ሐኪሙ እንግዴ ልጁን ያወጣል፤ የተቀደደውንም ይሰፋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ችግር ለገጠማት ሴት ብቻ ሳይሆን ምንም እንከን ለሌለባትም ጭምር ነው፤ «መከላከያ» መባሉም ስለዚህ ነው። ዲሊ ሦስት ጥቅም ይቈጥርለታል፤ እናቲቱን ከሥቃይና ከድካም ማዳን፣ የዳሌዋን ሥጋ ከመለጠጥ መጠበቅ፣ የሕፃኑንም አንጐል ከረጅም ግፊት ማትረፍ።

በበኩሌ በዚህ ምክር ውስጥ አራት ስሕተቶች አገኛለሁ።

አንደኛው ስሕተት ምሳሌን በማስረጃ ስፍራ ማስቀመጡ ነው። ዲሊ ሲከራከር አንዲት ሴት በመንሽ ላይ ብትወድቅና እጀታው ሥጋዋን ቢቀድደው በሽታ ነው አንልምን? የሕፃን ራስ በበር መካከል ቢጨፈለቅ ጉዳት ነው አንልምን? ታዲያ ምጥ ከዚህ በምን ይለያል? በሚል መንገድ ይሄዳል። እንቍላሏን ጥላ የምትሞተውን የሳልሞን ዓሣም ይጠቅሳል። አነጋገሩ አንባቢን የሚያስደነግጥ ነው፤ ነገር ግን የሚያስደነግጥ ሁሉ እውነት አይደለም። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ በምጥ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ ያልፋሉ፤ የእናቲቱም ሥጋ በእርግዝና ወራት ለስልሶ ይዘጋጃል። በር ግን ለራስ ተብሎ አይለሰልስም። ምሳሌው የሚፈርሰው ሊያስረዳው በተነሣው ነጥብ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት፣ ከሁሉም የሚከፋው፣ ማነጻጸሪያ ማጣቱ ነው። ዲሊ በገዛ እጁ ያዋለዳቸው ሴቶች ደኅና መሆናቸውን ይመሰክራል። ይህን ምስክርነት አልጠራጠረውም። ነገር ግን እነዚያው ሴቶች ያለ ጉጠት ቢወልዱ ኖሮ እንዴት ይሆኑ ነበር? ለዚህ መልስ የለውም። በኋላ ዘመን በትክክል ሲነጻጸር የተገኘው ከተስፋው የተለየ ነው። በ1993 ዓ.ም. የታተመው የአርጀንቲና ጥናት ከ2,600 የሚበልጡ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንደኛውን ወገን ሁሉ በመቀስ ከፈተ፤ ሌላውን ሲያስፈልግ ብቻ። ለሁሉም መክፈት ከከባድ መቀደድ እንደማያድን ታወቀ። ጉጠቱም ራሱ ዲሊ ሊጠብቀው የፈለገውን ሥጋ የሚጐዳ ሆኖ ተገኘ፤ የእንግሊዝ የወሊድ ሐኪሞች ኰሌጅ እንደሚያስታውቀው በፎርሴፕስ ከሚወልዱ 100 ሴቶች ከ8 እስከ 12 በሚሆኑት እስከ ፊንጢጣ ጡንቻ የሚደርስ መቀደድ ይገኛል፤ በቫኪዩም ግን ከ1 እስከ 4 ነው። እንከን ለሌለባት ሴት ይህን ጉዳት «መከላከያ» ብሎ መስጠት ያልታመመውን እንደ ማከም ያህል ነው።

ሦስተኛው ስሕተት የራሱን እጅ የሁሉ እጅ ማድረጉ ነው። አንድ የተጣራ ሆስፒታል ያለው፣ በሺሕ የሚቈጠሩ ሕፃናትን ያዋለደ ሊቅ የሚሠራውን ሥራ ሌላው ሐኪም ሲሰማ፣ ትምህርቱን ትቶ ፈቃዱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ፔኒሲሊን አልነበረም፤ ሰልፋም ገና አልተገኘም። የኒውዮርክ የሕክምና አካዳሚ ከ1930 እስከ 1932 ዓ.ም. በዚያ ከተማ በወሊድ ምክንያት የሞቱትን 2,041 ሴቶች ጉዳይ አንድ በአንድ መርምሮ በ1933 ዓ.ም. መግለጫ ሲያወጣ፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል ሊድኑ ይችሉ እንደ ነበር አመለከተ፤ አላስፈላጊ የመሣሪያ ሥራንም ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ቈጠረ። የነዚህን ሁሉ ሞት በዲሊ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን አስተማሪ የሆነ ሰው ምክሩ በመልካም እጅ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን በመካከለኛ እጅ ምን እንደሚሆንም ማሰብ ይገባዋል።

አራተኛው ስሕተት ወላዲቱን አለመጠየቁ ነው። በዲሊ ሥርዐት ሴትዮዋ ተኝታ ትገባለች፣ ተሰፍታ ትነቃለች። ስለ ገዛ አካሏ አንዲት ቃል የምትናገርበት ስፍራ የለም። በኛ አገር ወላድን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስንላት፣ ያለፈችው እርስዋ መሆንዋን እንመሰክርላታለን፤ በዲሊ ጽሑፍ ውስጥ ግን የወለደው ሐኪሙ ይመስላል። የዛሬው ሕክምና ይህን ስሕተት ማረሙ ተገቢ ነው፤ መሣሪያው ለምን እንዳስፈለገ፣ ምን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችልና ሌላ ምን መንገድ እንዳለ ለወላዲቱ ሳይነገር፣ ፈቃዷም ሳይጠየቅ አይሠራም።

እስከዚህ ድረስ ዲሊን ተችቻለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ትክክል ብሏል፤ ይኸውም ምጥ ሁልጊዜ የማይጐዳ አለመሆኑን ነው። ለዚህ ከኛ አገር የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። የሕፃኑ ራስ ለቀናት በዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር፣ በራሱና በአጥንቱ መካከል የተያዘው የእናቲቱ ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ የሞተው ሥጋ ሲወድቅ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንቷም ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ፌስቱላ የሚባለው ይህ ነው። በ1959 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1974 ዓ.ም. ለዚህ ሕመም ብቻ የተለየ ሆስፒታል ያቋቋሙት፣ «ተፈጥሮ ነው» ተብለው የተተዉት ሴቶች ብዙ ስለ ነበሩ ነው። ስለዚህ የዲሊ ጥፋት ምጥ ሊጐዳ ይችላል ማለቱ ሳይሆን፣ ለተቸገረችው የተሠራውን እርዳታ ላልተቸገረችው ሁሉ ሕግ ማድረጉ ነው።

ይህን ልዩነት ካልያዝን የዘመናችን ስሕተት ይከተላል። ዛሬ በአሜሪካ በፎርሴፕስ የሚወለዱት ከ100 አንድ አይሞሉም፤ ሆድ ተቀድዶ የሚወለዱት ግን አንድ ሦስተኛ ያህል ናቸው። የመሣሪያው መጥፎ ስም፣ የፍርድ ቤት ክስ ፍርሃትና የኦፕራሲዮን ደኅንነት መሻሻል አንድ ላይ ሆነው ጉጠቱን ከብዙ ማዋለጃ ክፍሎች አስወጥተውታል። ብዙ ተማሪዎችም «ፎርሴፕስ የአንጐል ደም መፍሰስ ያመጣል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጉዳዩን ይዘጉታል። ይህን ዐረፍተ ነገር እንመርምረው።

በ1999 ዓ.ም. ስለ ካሊፎርኒያ የታተመ ጥናት የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ ሴቶችን 583,340 ሕፃናት መርምሯል። በራስ ቅል ውስጥ ደም የፈሰሰው፣ በፎርሴፕስ ከተወለዱ ከ664 በአንዱ፣ በቫኪዩም ከተወለዱ ከ860 በአንዱ፣ በራሳቸው ከተወለዱ ከ1,900 በአንዱ ነው። እዚህ ላይ ያቆመ አንባቢ ጉጠቱን ይፈርድበታል። ነገር ግን ሁለት ቍጥሮች ይቀራሉ። ምጥ ከተጀመረ በኋላ በኦፕራሲዮን ከተወለዱት ከ907 በአንዱ፣ ምጥ ሳይጀመር በኦፕራሲዮን ከተወለዱት ግን ከ2,750 በአንዱ ነው። የኦፕራሲዮኑ ቢላዋ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ በምጡ ምክንያት ሦስት እጥፍ ያህል ተለያየ። የጥናቱ ደራሲዎችም በፎርሴፕስ፣ በቫኪዩምና በምጥ ጊዜ በሚደረግ ኦፕራሲዮን መካከል የረባ ልዩነት አላገኙም፤ የጋራው አደጋ ያልተቃናው ምጥ ራሱ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ጉጠት የሚነሣላት ሴት ቀድሞውኑ ችግር ላይ ያለች ናት። እርስዋን በሰላም ከወለደችው ጋር ማነጻጸር የሆስፒታል በሽተኛን ከገበያተኛ ጋር አወዳድሮ ሆስፒታል ሰው ይገድላል እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ዲሊ ማነጻጸሪያ ሳይኖረው ጉጠቱን አመሰገነ፤ የዛሬው ነቃፊ ደግሞ በተሳሳተ ማነጻጸሪያ ጉጠቱን ያወግዛል። አሳባቸው ተቃራኒ ቢሆንም የአስተሳሰብ ስሕተታቸው አንድ ነው።

ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ይህ ነው። የማሕፀኑ አፍ ፈጽሞ ተከፍቷል፤ ራሱ ወደ ታች ወርዷል፤ እናቲቱ ደክማለች፣ ወይም የሕፃኑ የልብ ምት እየወደቀ ነው። በዚያች ሰዓት ሐኪሙ ያለው ምርጫ መጠበቅ፣ ጉጠት ወይም ቫኪዩም መጠቀም፣ ወይም ሆድ መቅደድ ነው። በዚህ ደረጃ የሚደረግ ኦፕራሲዮን ቀላል አይደለም፤ ራሱ በዳሌ ውስጥ ስለ ተወተፈ ለማውጣት ያስቸግራል፣ ማሕፀኑ ይቀደዳል፣ ደም ይበዛል። ጠባሳውም አብሯት ይኖራል። በከተማ ላለች ሴት ይህ ጠባሳ በሚቀጥለው እርግዝና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ በሩቅ ገጠር ላለች ሴት ግን ሁለተኛው ምጥ ከሆስፒታል ርቃ ሳለች ቢይዛት ማሕፀኗ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ኦፕራሲዮን ሲቈጠር የዛሬዋን ሌሊት ብቻ ሳይሆን የሚመጡትንም ምጦች መቍጠር ያሻል። የዓለም የጤና ድርጅት በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊገኙ ይገባቸዋል ከሚላቸው ሰባት አስቸኳይ የወሊድ አገልግሎቶች ውስጥ በመሣሪያ ማዋለድን የጨመረው፣ ኦፕራሲዮንን ግን ከዚያ ከፍ ላለው ደረጃ የተወው በከንቱ አይደለም።

«ቫኪዩም ካለ ፎርሴፕስ ለምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስዊድናዊው ማልምስትሮም በ1950ዎቹ ያሻሻለው ቫኪዩም የእናቲቱን ሥጋ በጥቂቱ ይጐዳል፤ ለመማርም ይቀላል። ስለዚህ በብዙ ስፍራ ቅድሚያ ማግኘቱን አልቃወምም። ነገር ግን ከፎርሴፕስ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሳይሳካ ይቀራል፤ በሕፃኑ ራስ ቆዳ ሥር ደም መቋጠርንም ያበዛል። ጊዜው ያልደረሰ ሕፃን ራሱ ገና ለጋ ስለ ሆነ ቫኪዩም አይመከርለትም፤ በፊቱ ለሚመጣ ሕፃንም አይሆንም፤ በመቀመጫው መጥቶ ራሱ ለቀረበት ሕፃንም የሚረዳው ጉጠት ነው። እነዚህ ሁኔታዎች ብዙ አይደሉም፤ ግን ሲመጡ ቀጠሮ አይሰጡም።

አሁን ወደ ሞሪሶ ፈተና ልመለስ። ጉጠት የጠበበ ዳሌ ስለማያሰፋ፣ ለፌስቱላ ምክንያት ለሚሆነው ምጥ ሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ ማወጅ ሌላ ዲሊነት ነው። ራሱ ከላይ ከቀረ መንገዱ ኦፕራሲዮን ብቻ ነው። ለዚህም ነው ሁኔታዎቹ የታወቁት፤ የማሕፀኑ አፍ ፈጽሞ የተከፈተ፣ የእንሽርት ውሃ የፈሰሰ፣ ራሱ ወደ ዳሌ የገባ፣ ወደ የት እንደ ዞረም በእርግጥ የታወቀ፣ ፊኛዋ ባዶ የሆነ፣ ሕመሟ የታገደላት መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐኪሙ ሥራውን ለመተው የተዘጋጀ ይሁን። በያንዳንዱ ስበት ራሱ ካልወረደ፣ ወይም ሦስት ጊዜ ተስቦ ለመውለድ ካልተቃረበ ማቆም ግዴታ ነው። የቻምበርሌን ጥፋት መጀመሩ ብቻ ሳይሆን ሦስት ሰዓት መቀጠሉ ነበር። ከወሊድ በኋላም ጥንቃቄው አይቋረጥም፤ በ2019 ዓ.ም. በእንግሊዝ በ3,420 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት በመሣሪያ ለወለደች ሴት አንድ ጊዜ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ፣ ሕመም የሚመረዝባቸውን ሴቶች ከ100 ወደ 11 ከ19 እንዳወረደ አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት መደምደሚያ ስለ ትምህርት ነው። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ቢጠፋ እንደ ገና ይታተማል፤ የእጅ ሙያ ግን የመጨረሻው አዋቂ ጡረታ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ተማሪ ጉጠትን በስዕል ብቻ አውቆ ከተመረቀ፣ ከዓመታት በኋላ በአንድ ሩቅ ሆስፒታል፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉ በተያዘበት ሌሊት፣ የሕፃኑ ልብ ሲደክም ሁለት መጥፎ ምርጫዎች ይቀሩታል፤ የማያውቀውን መሣሪያ ማንሣት ወይም እንደ ክሮፍት ቆሞ መጠበቅ። ስለዚህ በአሻንጉሊት ሞዴል ላይ ደጋግሞ መለማመድ፣ ከዚያም ከዐዋቂ ሐኪም አጠገብ ሆኖ በመጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ በእርሱ ዓይን ሥር መሥራት ይገባል። ያልተሳካው ሙከራም እንደ ተሳካው በመዝገብ ይጻፍ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።

ዲሊ ወላድን ሁሉ በሽተኛ አደረገ፤ እኛ ደግሞ የተቸገረችውን ወላድ ከሁለት እርዳታዎች አንዱን ልንነፍጋት ተቃርበናል። ጉጠቱ ለሁሉ የሚወጣ ሥርዐትም፣ በሙዚየም የሚቀመጥ ቅርስም አይደለም፤ ንጹሕ ሆኖ፣ የሚያውቀው እጅ በአጠገቡ ቆሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ የሚውል መሣሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ቢገኝ መምህራኖቼና ጓደኞቼ በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙኝ እለምናለሁ፤ ክርክሩ ግን ማነጻጸሪያውን ይዞ ይምጣ።